ኅዳር ቢታጠን በርሜሉ ካልታጠበ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ፣ አደይ አበባም ከፈነዳ በኋላ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው የመፀው ወራት ለአገራችን ባላገር የደስታ ጊዜ ነው። እሸቱ ይደርሳል፤ ላሟ ሣር ጠግባ ወተቷ ይበዛል፤ ግልገሉም በግቢው ውስጥ ይቦርቃል። ነገር ግን ይኸው የደስታ ወራት ከጥንት ጀምሮ የበሽታም ወራት ሆኖ መኖሩን ታሪክ ይመሰክራል። ዝናቡ ሲያባራ በየስፍራው የቆመው ውኃ ገና አልደረቀም፤ ሙቀቱ ይመለሳል፤ ትንኝና ዝንብም ይበረታሉ። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ በ1951 ዓ.ም. መፀው በዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በድሬዳዋ ከተማ ስለሚገኘው ስለ ሳቢያን መንደር ግቢዎች ነው። ከተማው እየሰፋ፣ የብሎኬት ቤትም እየበዛ ቢመጣ በሳቢያንና በዙሪያው ፍየል፣ በግ፣ ላምና ዶሮ እያረቡ፣ በጓሮአቸውም ፓፓያና ማንጎ እየተከሉ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች አሁንም አሉ። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ግቢን ጠርጎ ቆሻሻን ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ንጽሕና ዛሬ የሳቢያንን ሕፃናት ከበሽታ ሊያድን አይችልም። የሚያድናቸው በየሳምንቱ የሚደረግ ንጽሕና ነው። ምክንያቱንም ደረጃ በደረጃ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ልማዱ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአገራችን ላይ በረታ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የጠራው ይህ መቅሠፍት በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ድነዋል። ቤተ ሰቡ በሙሉ ስለ ተኛ ለሕመምተኛ ውኃ የሚያቀብል፣ ለሞተም ጉድጓድ የሚቈፍር ሰው እንደ ጠፋ አረጋውያን ሲናገሩ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው በየደጁ ተከምሮ እንዲቃጠል ሆነ፤ ኅዳር ሲታጠን የሚባለውም ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

በዚያ ዘመን በሽታውን ያመጣው የቆሻሻ ክፉ ሽታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ መነሻ በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠው ዘግይቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 ነው። አባቶቻችን የበሽታውን መነሻ ባያውቁትም አንድ ትልቅ ነገር አግኝተዋል፤ ይኸውም የአንዱ ግቢ ቆሻሻ የጎረቤቱም ጉዳይ መሆኑንና መንደር በአንድነት ሲነሣ ብዙ ሥራ መሥራት መቻሉን ነው። ስለዚህ ልማዱን እናቃልለው ዘንድ አይገባንም።

ሆኖም ከ1911 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛ፣ የዛሬው ቆሻሻ እንደ ጥንቱ ገለባና ቅጠል ብቻ አይደለም። ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የጎማ ቁራጭ ተቀላቅሎበታል፤ የእነዚህም ጢስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ በሳቢያን የሚያሰጋን በሽታ የሚፈለፈለው ለመጠጥና ለምግብ ብለን ተጠንቅቀን ባጠራቀምነው ውኃ ውስጥ ነው። ወደ በርሜል ደግሞ ጢስ አይገባም።

አንባቢ ነገሩን በዓይነ ኅሊናው እንዲመለከተው የአንድ የሳቢያን ግቢ የጥቅምት ማለዳ ምን እንደሚመስል እንግለጽ። የቤቱ እመቤት ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ፍየሎቹን ከጉረኖ ታወጣለች፤ የሚታለቡትንም ታልባለች። አባወራው ትናንት ማታ ከገበያ ያመጣውን የጫት ገራባ ለፍየሎቹ ይበትናል። ልጅቱ በረቱን ትጠርጋለች፤ ወንድሟም ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ዶሮዎቹን ያወጣል። በአጥሩ ጥግ ለበጋው መኖ የሚሆን የማሽላ አገዳ ተከምሯል። የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ በሌሊት የተቀዳው ውኃ በበርሜል፣ በጀሪካንና በሲሚንቶ ገንዳ ተሞልቶ ይታያል። ከወገቡ የተቈረጠ በርሜል የፍየሎቹ ማጠጫ ነው፤ አሮጌ ሳሕን የዶሮዎቹ ነው፤ ከግድግዳው ሥር ምናልባት ይጠቅም ይሆናል ተብሎ የተቀመጠ የመኪና ጎማ አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስንፍና የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የትጋትና የቍጠባ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ለትንኝ ከዚህ የተሻለ ቤት ሊሠራላት አይችልም።

ስለዚህችም ትንኝ ጥቂት እንናገር። በአገራችን ከጥንት የምትታወቀው የወባ ትንኝ የምትራባው በተለይ በዝናብ ኵሬና በወንዝ ዳር በቆመ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ አልፎ ኵሬው ሲደርቅ ቍጥሯ ይቀንሳል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ሌላ የወባ ትንኝ ግን በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተገኘች፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቈይ በድሬዳዋ መኖሯ ታወቀ። ይህችኛዋ በከተማ መኖርን የለመደች ናት። እንቍላሏን የምትጥለው ሰው ባጠራቀመው ውኃ፣ በበርሜል፣ በገንዳና ለግንባታ በተቈፈረ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሰውንም የእንስሳንም ደም ትመጣለች፤ በበረትና በጉረኖ ውስጥም አርፋ ትገኛለች። እንግዲህ ከላይ በገለጽነው ግቢ በርሜሉ መራቢያዋ፣ ፍየሉና ሕፃኑ ምግቧ፣ ጉረኖው ማረፊያዋ ነው ማለት ነው።

ያስከተለችውም ጉዳት በቍጥር ታይቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓመቱን በሙሉ በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ግን፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ፣ የሕመምተኛው ቍጥር ከ2,400 በላይ ሆነ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ዋናው የክረምት ዝናብ ገና ሳይጀምር ይህ ሁሉ ሰው መታመሙን ነው። ዝናቡ ሲያልፍ በሽታውም ያልፋል የሚለው የቀድሞ ተስፋ ከዚያ ወዲህ ሊያዘናጋን አይገባም።

በበርሜል የምትራባውም ትንኝ ይህች ብቻ አይደለችም። ኤደስ የተባለችው ትንኝ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኵሳትን በድሬዳዋ አሠራጭታለች። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያና በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው በሽታ ከ40 ሺህ በላይ የከተማውን ሰዎች ይዟል። ቺኩንጉንያ የሚገድለው ጥቂት ቢሆንም የእጅና የእግር መገጣጠሚያን አስሮ ስለሚያስቀር፣ የቀን ሠራተኛውን ከሥራው፣ እናትን ከጓዳዋ፣ መምህሩን ከክፍሉ ለብዙ ቀን ያውላል። በመከራ የተገኘ እሸት ሳይሰበሰብ፣ ፍየሉም ጠባቂ አጥቶ የሚውለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አሁን ስለ ሳምንት ያነሣነውን ነገር እናስረዳ። በድሬዳዋ ባለው ሙቀት የትንኝ እንቍላል እጭ ሆኖ፣ አድጎ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ያህል ነው። በፍግ ላይ የተጣለ የዝንብ እንቍላልም ዝንብ ለመሆን የሚፈጅበት ጊዜ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኅዳር 12 ቀን ብቻ የሚጸዳ ግቢ የዚያን ሳምንት ትንኝና ዝንብ ቢያጠፋ እንኳ የቀሩትን 51 ሳምንታት ለእነርሱ ትቶላቸዋል። በየሳምንቱ በርሜሉን የሚያጥብና ፍጉን የሚያነሣ ቤተ ሰብ ግን እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይደርስበታል። ደግሞም ኤደስ እንቍላሏን ከውኃው በላይ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ታጣብቃለች፤ ይህም እንቍላል በደረቁ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ የበርሜሉን ውስጥ በብሩሽ ወይም በጭድ መፈተግ ያስፈልጋል።

ስለ ፍግም እንዲሁ ነው። በመፀው ወራት ሣሩ ስለሚበዛ ፍጉም ይበዛል፤ ዝንቡም ከፍግ ወደ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ ወደ ወተት ዕቃና ወደ ሕፃኑ ከንፈር ይመላለሳል። ተቅማጥ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የወተቱን ዕቃ በመዓዛማ ዕንጨት ማጠን የቆየ ብልኃት ነው፤ ለወተቱም ጥሩ ጣዕም ይሰጠዋል። ሆኖም በጥሬ የላም፣ የፍየልና የግመል ወተት የሚተላለፉትን በሽታዎች የሚያጠፋው ወተቱን ማፍላት ነው። እዚህም ላይ ቢሆን ጢሱ የንጽሕናውን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ሳቢያንን ከሌላው መንደር የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋት ሌላም ምክንያት አለ። የድሬዳዋ ሕዝብ የመጠጥ ውኃውን ለብዙ ዓመታት ሲያገኝ የኖረው ከሳቢያን የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ጭምር ነው። በምድሯ ላይ የሚፈሰው ነገር ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። ባለሙያዎች የከተማውን የከርሰ ምድር ውኃ መርምረው ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከልዩ ልዩ ቆሻሻ የሚመጣ ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር በአንዳንድ ጉድጓዶች ከፍ ብሎ አግኝተውታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ናይትሬት በማፍላት አይወገድም። መጠኑ የበዛበት ውኃ በዱቄት ወተት ተበጥብጦ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ሲሰጥ፣ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉን ያጣል። በግቢ ጥግ ለዓመት የተከመረ ፍግ በዝናብ ሲታጠብ የሚሄደው ወደዚሁ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ስለዚህ በሳቢያን ያለ አንድ ግቢ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከንጽሕናው ወይም ከጕድፉ በመኻል ከተማ ያለው ሰው ሁሉ ይካፈላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች እናውቃቸዋለን። የመጀመሪያው፣ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍተህ እጠብ ማለት አይከብድምን? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውኃ አታጠራቅሙ ብሎ መምከር በድሬዳዋ ሙቀት ዘበት ይሆናል። እኛ የምንለው ግን ውኃው ይባክን አይደለም። በርሜሉ የሚታጠበው ውኃው ተጠቅሞ ሲያልቅና አዲሱ ከመቀዳቱ በፊት ይሁን፤ ከሥሩ የቀረው በጨርቅ ተጠሎ ለፍየሎቹ ወይም ለፓፓያው ተክል ይሰጥ፤ በጨርቁ ላይ የቀረው እጭ ደረቅ መሬት ላይ ሲራገፍ ይሞታል።

ሁለተኛው፣ ሥራው ሁሉ በእናትና በልጅቱ ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ መታረምም አለበት። ከማለዳ እስከ ማታ በእግሯ ቆማ የምትውል እናት ሌላ ሸክም ሊጨመርባት አይገባም። በርሜል ማንሣትና መፈተግ፣ ፍግ ማውጣትና መቅበር ጕልበት የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ የአባወራውና የወንዶች ልጆች ድርሻ ሊሆን ይገባዋል። ሦስተኛው፣ መንግሥት ውኃውን ሳያቋርጥ ቢያቀርብና ቆሻሻውን በጊዜው ቢያነሣ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልግ ነበር? የሚል ነው። ይህም ሕዝቡ በመብቱ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ነው፤ የባለሥልጣን ግዴታ በምክር አይተካም። ሆኖም ቧንቧው ያለማቋረጥ እስኪፈስ ድረስ ትንኟ ስለማትጠብቀን፣ መብታችንን እየጠየቅን እጃችንንም ከማንቀሳቀስ መቦዘን የለብንም።

የሳምንቱም ሥራ ይህ ነው፤

1ኛ/ የውኃ በርሜልና ገንዳ ውስጡ ተፈትጎ ይታጠብ፤ ከተሞላም በኋላ ትንኝ በማታሾልክ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ወይም በሚገጥም ክዳን ይሸፈን። ሊታጠብ የማይቻል ትልቅ ገንዳ ያለው ሰው ለጤና ባለሙያ አስታውቆ የእጭ ማጥፊያ መድኃኒት ያስጨምርበት።

2ኛ/ የፍየልና የዶሮ ማጠጫ ዕቃ ተገልብጦ በፀሐይ ይድረቅ። አሮጌ ጎማ፣ ጣሳና የተሰበረ ገንቦ ውኃ በማይገባበት ስፍራ ይቀመጥ ወይም ይወገድ።

3ኛ/ በረቱና ጉረኖው በየቀኑ ተጠርጎ፣ ፍጉ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጓሮ ተክል ይዋል ወይም በአፈር ይሸፈን። የፍግ ክምርና የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

4ኛ/ እንስሳት ሰው ከሚተኛበት ክፍል ተለይተው ይደሩ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች በየሌሊቱ በአጎበር ውስጥ ይተኙ።

5ኛ/ ትኵሳት የያዘው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድና ደሙ ይመርመር። ወባ፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ በመጀመሪያ ስለሚመሳሰሉ በግምት መድኃኒት መውሰድ አደጋ አለው።

ለመምህራን የተለየ አደራ አለን። ተማሪ በመጽሐፍ ያነበበውን ሊረሳው ይችላል፤ በዓይኑ ያየውን ግን አይረሳም። በክፍል ውስጥ እጭ ያለበትን የበርሜል ውኃ በብርጭቆ ማሰሮ ጨምራችሁ፣ አፉንም በስስ ጨርቅ አጥብቃችሁ አስራችሁ አስቀምጡ። ተማሪዎቹ በየቀኑ ይመልከቱ፤ ያዩትንም በደብተራቸው ይጻፉ። ከውኃው ፊት ጋር ተጋድሞ የሚንሳፈፈው የወባ ትንኝ እጭ ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች ደፍቶ የሚንጠለጠለው የኤደስና የሌሎች ትንኞች ነው። ጥቂት ቀናት አልፈው ትንኟ ከጨርቁ ሥር ክንፍ አውጥታ ስትታይ፣ እናቱ ለምን በርሜል ክደን እንደምትለው ልጁ ያለ ሰባኪ ይረዳዋል። ትንኞቹ እንዳያመልጡ ግን ጨርቁ ሳይፈታ ማሰሮው በሳሙና ውኃ ተሞልቶ ሥራው ይፈጸም። ከዚያም ተማሪዎች የራሳቸውን ቤት በርሜል በሳምንት አንድ ቀን መርምረው ለክፍላቸው ያስታውቁ። በሳቢያን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ምክሩ በየቤቱ ቋንቋ ይገባል።

ለዚህም ሥራ የትኛው ቀን ይሻላል ብሎ መከራከር አያስፈልግም። የድሬዳዋ ሕዝብ ቀኑን አስቀድሞ ይዞታል። ሙስሊሙ ለጁምዓ፣ ክርስቲያኑ ለሰንበት ገላውንና ልብሱን ያነጻል፤ ቤቱንም ያሰናዳል። ሐሙስ ማታ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ዝግጅት ላይ የበርሜሉና የማጠጫው ዕቃ ቢጨመር ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ሥራ አይሆንም። ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ቢስማሙ ደግሞ ጥቅሙ ይበዛል፤ ትንኝ አጥር አያግዳትምና።

ኅዳር 12 ቀንም አይቀር። በዚያ ቀን መንደሩ እንደ ልማዱ በአንድነት ይነሣ፤ ነገር ግን ፌስታሉና ጎማው በእሳት ፈንታ ተለቅሞ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ይሰጥ፤ ቀኑም የዓመቱ ሥራ የሚመረመርበት ይሁን። በ1911 ዓ.ም. የሞቱት ወገኖቻችን የበሽታቸውን መነሻ የሚነግራቸው አልነበረም። እኛ ግን ትንኟ ከወዴት እንደምትወጣና በስንት ቀን ክንፍ እንደምታወጣ እናውቃለን። ይህን እያወቅን በክዳን ጕድለት አንድ ሕፃን ቢታመምብን የምናመካኝበት ነገር የለንም። ስለዚህ አንባቢያን ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለማያነብ ጎረቤታችሁ አስረዱት፤ ከዚያም የየቤታችሁን በርሜል ክዳን አንሥታችሁ ተመልከቱ።